ጷጉሜ 6 ቀን 2100

ዛሬ ሙሉ ቀን የሳይንስ ልብወለድ መድበሉን ሳርም ዋልኩ። ከተላኩልኝ ታሪኮች አራቱ የሚጀምሩት እንጦጦ ላይ ነው። አልፈርድባቸውም። ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች እዚያ ቆመው ደራሲ ሌላ የት ይሂድ? አራቱንም መውሰድ ግን አይቻልም።

በጣም የወደድኩት መንኮራኩሯ "ጷጉሜ 6 ቀን 2100 ዓ.ም." የምታርፍበትን ነው። ቡናዬን ይዤ ቀኑን ደጋግሜ አየሁት። የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። 2100ን ለአራት አካፈልኩ። ቀሪ የለውም፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጷጉሜ ስድስት የምትሆነው ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት በሚተርፈው ዓመት። መንኮራኩሯ በሌለ ቀን አርፋለች ማለት ነው።

ደራሲዋ ጋ ደወልኩ። "ውይ ጋሼ፣ ልብወለድ አይደል እንዴ?" አለችኝ። በብርሃን ፍጥነት መብረሯን አምኜልሻለሁ፣ ባሕረ ሐሳቡን፣ የዘመን ቀመሩን ግን አትንኪብኝ አልኳት። ሳቀች። ወደ 2099 አወረድነው።

ማታ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። (አርታኢ መሆኔን ሰው ካወቀ ወዲህ ሰርግም ለቅሶም ቢሮዬ ሆኗል።) ገና ሳልቀመጥ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ "የኔ ታሪክስ?" አለኝ። የሱን አልወሰድኩትም። ደብዳቤውን ጽፌ መላክ ካቃተኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ንፍሮ ዘግኜ አፌን ሞላሁና ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ እሺታ መስሎታል ለካ።

ቤት ስገባ በቴሌግራም "እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ" ብሎኛል። ይኸው እስካሁን መልስ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነው።