ከእንጦጦ የሚያንስ ተራራ

ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች አንዱ ገብቼ «የስኪ ጓንት አለህ?» አልኩት ልጁን። ትንሽ አሰበና የበረኛ ጓንት አወጣልኝ። «በረዶ ላይ ነው የምሄደው» ስለው ጓንቱን መልሶ ሮለር ስኬት ይዞ መጣ። አልፈረድኩበትም። መሸርተት ከሆነ መሸርተት ነው።

ጓንቱን በመጨረሻ ያገኘሁት መርካቶ፣ ሰልባጅ ውስጥ ነው። የማን እንደነበር እንጃ። ብቻ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ሱፍ ነው፣ ክርን ሊደርስ ምንም አልቀረው። በመጣበት አውሮፕላን ሊመለስ መሆኑን አላወቀም።

ጉዞው የአክስቴ ልጅ ሐሳብ ነበር። ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ከገባ ዐሥራ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ያገባትም የዚያው አገር፣ የቲሮል ክልል ልጅ ናት። እኔም እዚያው ሁለት ዓመት ተምሬ ስለተመለስኩ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ረጅም ጠፍጣፋ ጣውላ አስሮ በረዶ ላይ መሸርተት፣ ጨርሶ አዲስ አይደለም። ግን በኬብል ወጥቶ በተደለደለ ሜዳ መውረድ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። እዚህ ኬብል የለም። ጓዝህን ተሸክመህ፣ ስኪህን እግርህ ላይ አስረህ፣ በራስህ ጉልበት ትወጣለህ። ማታ ተራራ ላይ ያለች ቤት ውስጥ ታድራለህ። አራት ቀን እንዲህ።

ለእማዬ «በክረምት ነው የምንሄደው» ስላት ነገሩ ተምታታ። ታኅሣሥ ላይ ምን ክረምት አለ? የእነሱ ክረምት ከእኛ በጋ ጋር እንደሚገጥም ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ገባኝ አለች። ሻንጣዬን ስከፍት ግን ጃንጥላ አገኘሁ።

ልምምዴ ቸርችል ጎዳና ላይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከለገሃር እነሳና ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ በቦርሳ አዝዬ ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት። አንድ ቀን ቦርሳው አልዘጋ ብሎኝ የቢጫው ጀሪካን አንገት ብቅ ብሎ ነበር። በር ላይ የቆመ ጥበቃ አየኝና «ወንድሜ፣ የት ሰፈር ነው ውሃ የጠፋው?» አለኝ። ምን ልበለው? «ከታች ነው» ብዬ አለፍኩ።

ማዘጋጃ ቤት ስደርስ ብዙ ጊዜ ጋሼ ይጠብቁኛል። ድሮ ፒያሳ የምንቀመጥባት ቤት ከፈረሰች ወዲህ አንዲት ትንሽ ካፌ ይዘናል። እሳቸው ማኪያቷቸውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት፤ ሐኪም ከልክሏቸዋል። የጉዞውን ነገር ስነግራቸው አልሳቁም። አበበ ቢቂላ ከመኪናው አደጋ በኋላ፣ እግሩ አልንቀሳቀስ ብሎት፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ድረስ ሄዶ በረዶ ላይ በተንሸራታች መወዳደሩን ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ስኪ ሲወዳደርም በቴሌቪዥን አይተዋል። «ስንት ይሆናል ተራራው?» አሉኝ።

«2,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ጋሼ።»

«እንጦጦስ?»

«ወደ 3,200።»

ከዚያ በኋላ ነው የሳቁት።

ከቦሌ ቪየና፣ ከቪየና አራት ሰዓት በላይ በባቡር ኢንስብሩክ። ከተማዋ 574 ሜትር ላይ ናት። የክረምት ኦሊምፒክን ሁለት ጊዜ፣ በ1964 እና በ1976 አስተናግዳለች። ከኛ ጋር ስትነጻጸር ጉድጓድ ናት። ፒያሳ ላይ ተወልዶ ያደገ ሳንባ እዚያ ሲገባ ይዘንጣል። በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ ስንሄድ የአክስቴ ልጅ ሲያለከልክ እኔ ወሬ አወራ ነበር። ኩራቴ የቆየው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተዘርሬ እስክወድቅ ነው። ሳንባ ስኪ አይነዳም።

የገባነው ስቱባይ ሸለቆ ነው። ከታች ጥድ ጫካ ውስጥ በረዶው ስስ ነበር፤ ድንጋዩ በየቦታው አፍንጫውን አውጥቷል። የበረዶው ወቅት መጀመሪያ ስለሆነ ገና አልሞላም። እዚህ ላይ ስለ ቆዳው ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት ሰው በስኪ እንዴት ሽቅብ እንደሚሄድ አይገባችሁም። ስኪው ሥር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የሚለጠፍ ረጅም ጸጉራም ነገር አለ። ድሮ ከአቆስጣ ቁርበት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ከፍየል ጸጉር ወይ ከናይለን ነው። ስሙ ግን ቆዳ እንደተባለ ቀረ። ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ነው። ወደ ፊት ስትገፋው ይሄድልሃል፤ ወደ ኋላ ልንሸራተት ስትል ቆንጥጦ ይይዝሃል። ጫማው የሚታሰረው ጣቱ ጋ ብቻ ስለሆነ ተረከዝህ ነጻ ነው። ስትወርድ ቆዳውን ትልጥና ተረከዙን ትቆልፋለህ። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ችግሩ ማጣበቂያው ነው። ብርድ ሲመታው ወይ በረዶ ሲገባበት አልይዝም ይላል። የእኔ የቀኙ ቆዳ እኩለ ቀን ላይ ከኋላ ተላቆ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዝ ጀመር። የአክስቴ ልጅ ሚስት ተቀበለችኝና በረዶውን በጉልበቷ ላይ ፍቃ አራገፈችው፤ ከዚያ ጃኬቴን ከፍታ ሆዴ ላይ ለጠፈችው። እዚያው ይሙቅ አለችኝ። በረዶ የነካ ሙጫ ባዶ ሆድ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ስሜት ለጠላትም አልመኝም። ግን ሩብ ሰዓት ቆይቶ ያዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባረፍን ቁጥር ቆዳዬ ሆዴ ላይ ነው።

ማደሪያችን ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። በበጋቸው ምግብ ቤት ያላት ትልቅ ቤት ናት። በታኅሣሥ ግን ዋናው በር ዝግ ነው፤ ክፍት የሚተዉት ጎን ላይ ያለችውን የክረምት ክፍል ብቻ ነው። ቁልፉን ከተራራ ማኅበሩ ተውሰን ይዘን ወጣን። ምድጃ አለ፣ የተፈለጠ እንጨት አለ፣ ብርድ ልብስ አለ። የሚጠብቅህ ሰው የለም፤ ያደርክበትን ሒሳብ ሳጥን ውስጥ ከትተህ ትሄዳለህ። ይሄን ነገር ለጋሼ ስነግራቸው ከተራራው ይልቅ ያላመኑት ሳጥኑን ነው።

ውሃ የለም። በረዶ ታቀልጣለህ። አዲስ በረዶ አብዛኛው አየር ስለሆነ ድስት ሙሉ ትጥድና ታች ላይ አንዲት ስኒ ታገኛለህ። እንደገና ትሞላለህ። ለሦስት ሰው መጠጥና ለነገ ኮዳ ሁለት ሰዓት ያህል ምድጃ ሥር ቁጭ አልን። እማዬ የቋጠረችልኝ ስንቅ ዋጋው የታየው ያኔ ነው። እነሱ በየፓኬቱ የታሸገ ደረቅ ፓስታ አምጥተዋል፤ ያንን ለማብሰል ሌላ ሁለት ድስት በረዶ ሊቀልጥ ነው። እኔ በሶ አወጣሁ። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ሚጥሚጣ ጣል፣ ጨበጥ ጨበጥ። በቃ ራት። ቲሮሏ በመጀመሪያ በጥርጣሬ አየችው። በሁለተኛው ቀን ከፓስታው በፊት «በሶ አለ?» ስትል ሰማኋት። አማርኛዋ ከሃያ ቃል አይበልጥም፤ በሶ ሃያ አንደኛው ሆነ።

ሁለተኛውን ቀን በአቅራቢያው ወጣ ብለን ተመለስን። ፀሐይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥታ ዐሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ቀኑ ያለቀው ሳይጀመር ነው። ማታ የአካባቢውን የበረዶ ናዳ ትንበያ አነበቡልኝ፦ ከአምስት ደረጃዎች ሦስተኛው፣ ከ2,200 ሜትር በላይ፣ ወደ ሰሜን ባዘነበለው ገደል። ሦስት ከአምስት ሲባል ለኔ ማለፊያ ነጥብ መሰለኝ። እሷ ግን ዝም አለች። ብዙ ሰው የሚሞተው በሱ ነው አለኝ ባሏ፤ አራትና አምስት ሲሆን ሁሉም ቤቱ ይቀመጣላ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከበሩ ስንወጣ ፍተሻ አለ። እያንዳንዳችን ደረታችን ላይ፣ በረዶ ቢጫነን የሚያስገኘን ትንሽ የምልክት መሣሪያ አስረናል። የማንኛውም ፋብሪካ ይሁን ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ የማንም መሣሪያ የማንንም ያገኛል። አንዱ ይቆማል፣ ሌሎቹ በፊቱ እያለፉ መጮሁን ያረጋግጣሉ። ቦርሳ ውስጥ ደግሞ አካፋና የሚገጣጠም ረጅም ዘንግ አለ። የተራራ ነፍስ አድን ስልክ 140 ነው፤ ሄሊኮፕተር አላቸው። ግን በረዶ የተጫነው ሰው የሚቆጠርለት በደቂቃ ነው፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ ተስፋው ቶሎ ይመነምናል። የሚያወጣህ አብሮህ ያለው ሰው ነው እንጂ ሄሊኮፕተሩ አይደርስም። ይሄን እያሰብኩ የአክስቴን ልጅ አየሁት። ልጅ ሳለን ኳሴን ጣራ ላይ ጥሎ አላወርድም ያለኝ ሰውዬ ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች 14። የትንፋሼ ጤዛ ስካርፌ ላይ ደርቆ ብርጭቆ ሆኗል፤ ቅንድቤም ነጥቷል። ሁለት ሰዓት ያህል በሰፊው ሸለቆ ወጣንና ጫፉ ታየን። የቀረን ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ነው። መሃል ላይ ያለው አንድ ተዳፋት ብቻ ነበር፤ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብል፣ ንፋስ ያለሰለሰው፣ ያማረ። ቸርችል ጎዳና ከሱ ጋር ሲተያይ ሜዳ ነው።

ከተዳፋቱ ገና ራቅ ብለን፣ ሜዳው ላይ፣ እሷ ከፊት እየሄደች ነው። ድንገት ከእግራችን ሥር «ዉምፍ» አለ። ጎተራ ውስጥ ትልቅ ጆንያ ሲወድቅ እንደሚሰማው። በረዶው ከነእኛ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ሲል ታወቀኝ። ከስኪዋ ጫፍ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ተነስቶ ወደ ተዳፋቱ ሮጠ። ከዚያ ጸጥ።

ማንም አልተነቃነቀም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚመታው።

«በቃ» አለች። በአማርኛ።

እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም። አካፋዋን አውጥታ ጉድጓድ ቆፈረች፤ መሬት ለመድረስ ጉልበት እንኳን አልሞላም። የላዩ ንብርብር እንደ ሳሙና ጠጣር ነው። የታችኛውን በእጇ ዘግና ሰጠችኝ። በጓንቴ ስይዘው በጣቶቼ መሃል እየተንሸራሸረ ፈሰሰ። አልጨበጥ አለ። ልክ ስኳር። በጀርመንኛ ሽቪምሽኔ ይሉታል፤ የሚዋኝ በረዶ እንደማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ትንሽ በረዶ ይጥልና ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ከሥሩ ያለው መሬት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከላዩ ያለው አየር ግን በጣም ይቀዘቅዛል። በረዶው ስስ ስለሆነ ሙቀትና ብርድ ተቀራርበው ይሟገታሉ፤ እንፋሎቱ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። እሱ ሲያልፍበት የታችኛው በረዶ ትልልቅ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ፍሬ ይሆናል። በረዶው ወፍራም ቢሆን ይሄ በዚህ ኃይል አይሆንም ነበር። ኋላ አዲስ በረዶና ንፋስ መጥቶ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ ክዳን ይሠራበታል። እኔ ድሮ የሚያስፈራው የበረዶ መብዛት ይመስለኝ ነበር። በወቅቱ መጀመሪያ ግን የሚያስፈራው ማነሱ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ቀርቶን ተመለስን።

የተናደድኩትን አልደብቅም። ለምሳ ስንቀመጥ ቆሎ እየቆረጠምኩ ያንን ጫፍ አፍጥጬ ሳየው ነበር። ስንት ማለዳ ጀሪካን ተሸክሜለታለሁ። የአክስቴ ልጅ «እዚያው ነው፣ የትም አይሄድም» አለኝ። አውቃለሁ። የምሄደው እኔ ነኝ፤ ፈቃዴ ያልቃል።

በአራተኛው ቀን ጉም ወረደ። በጉም ውስጥ ወርደን፣ ሁለት ድንጋይ በስኪዬ ጋጥኩ፤ ያከራየኝ ቤት አስከፈለኝ። ስለሱ ይብቃ።

አዲስ አበባ ስደርስ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ጋሼ ካፌዋ ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የታወቀ ነው።

«ወጣህው?»

«ሦስት መቶ ሜትር ሲቀረኝ ተመለስኩ።»

«ከእንጦጦ የሚያንሰውን?»

ስለ እንፋሎቱ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልሆነም። ስለ ስንጥቁ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን ለወጉ ነው። ከዚያ የአስተናጋጇን ትሪ ሳብኩና ቁራጭ ዳቦ አስቀመጥኩበት። ትሪውን ከአንድ ጎኑ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ዳቦው ቆየ፣ ቆየ፣ በጣም ሲያዘነብል ተንሸራተተ። «ይሄ ደህናው ነው» አልኳቸው። ከዚያ የስኳሩን ዕቃ ትሪው ላይ ገለበጥኩት። አስተናጋጇ ከባንኮኒው ጀርባ «ኸረ!» አለች። ስኳሩን በእጄ መዳፍ አስተካከልኩና ዳቦውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ትሪውን ገና ከፍ ሳደርገው ዳቦው ሸርተት ብሎ የጋሼ ጉልበት ላይ አረፈ።

ዝም አሉ። ትሪውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ዳቦውን ራሳቸው መልሰው አስቀመጡ፣ ራሳቸው ቀስ ብለው አነሱት። ሸርተት።

«እናንተ ዳቦው ላይ ነበራችሁ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ዳቦውን አነሱት። ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ስኳር ገልበጥ አድርገው አዩት። ወደ በሩ አንድ ጊዜ ቃኙና ጎረሱት።

«በሶውስ ተረፈ?» አሉኝ፣ እያኘኩ።