በሊሾ ወለል ላይ የከርሊንግ ችሎታ ውድድር፦ የነጥብ ደንቡን እንዴት እንዳወጣሁት

በድሬዳዋ በአንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አስተምራለሁ። ከርሊንግ የሚባለውን ጨዋታ መጀመሪያ ያየሁት በቴሌቪዥን፣ የክረምት ኦሊምፒክ በሚተላለፍበት ሰሞን ሲሆን፣ ልቤን የሳበው የጨዋታው እርጋታ ነበር፤ ተጫዋቿ ድንጋዩን ከለቀቀችው በኋላ እስኪቆም ድረስ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ሩጫ የማይሆንላቸው፣ እግር ኳስ ሲሆን ዘወትር ዳር የሚቆሙ ተማሪዎች ስላሉኝ፣ ከጉልበት ይልቅ ልክ ማወቅን የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ጨዋታ ባገኝላቸው ብዬ ተመኘሁ። የበረዶ ሜዳ በከተማችን ሊኖር አይችልም፤ ትምህርት ቤቱ ግን 18 ሜትር የሚረዝም፣ ወለሉ በሚገባ የተወለወለ ሊሾ የሆነ አዳራሽ አለው። ሐሳቡ የመጣልኝ በዚያ ወለል ላይ የወደቀ የጠርሙስ ክዳን እየተንሸራተተ ከወዲያኛው ግድግዳ ሲደርስ ያየሁ ዕለት ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ከርሊንግ መነሻው ስኮትላንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ የናጋኖ ውድድር ወዲህ ከክረምት ኦሊምፒክ ተለይቶ አያውቅም። አራት አራት ተጫዋች ያላቸው ሁለት ቡድኖች፣ ክብደቱ ከ19.96 ኪሎ ግራም የማይበልጥና እጀታ የተገጠመለት የግራናይት ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተቱ፣ በወዲያኛው ጫፍ ወደ ተሣለው 3.66 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይልካሉ። ክቡ «ቤት» ይባላል፤ በውስጡ የ2.44 እና የ1.22 ሜትር ክቦች፣ ከመካከሉም እኛ «እምብርት» ያልነው ትንሽ ክብ ይገኛሉ። በመደበኛው ጨዋታ በየዙሩ ነጥብ የሚያስመዘግበው ድንጋዩ ለመካከሉ ይበልጥ የቀረበለት ቡድን ብቻ ስለሆነ፣ የአንድን ሰው እጅ ለብቻው መዝኖ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ለዚህም ሲባል የችሎታ ውድድር የሚባል ሌላ ዓይነት አለ። ስኮትላንዳውያን እያንዳንዱ ተጫዋች ብቻውን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው የተደረደሩ ሙከራዎችን እየሠራ ነጥብ የሚሰበስብበትን ውድድር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲያካሂዱ ኖረዋል፤ በካናዳም ከብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ጎን ስድስት ሙከራዎች ያሉት፣ እያንዳንዱም እስከ 5 ነጥብ የሚያስገኝ ውድድር ይደረግ ነበር። እኔ የተነሣሁት ከዚህ ከካናዳው ነው።

ድንጋዮቹን የሠሩልኝ ቀድሞ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያገለገሉ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው። ባለ 4 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሚንቶ ሞልተን፣ ሳይደርቅ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ አጥፈን እጀታ ተከልንለት፤ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ሆነ። ከሥሩ በመጀመሪያ ሦስት የባጃጅ ኩሽኔታ እንደ ጎማ ገጠምንለት። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌላ ድንጋይ ከጎን ሲመታው ግን ወለሉን እየፋቀ ይቆማል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ጋሪ ነው፤ አንተ የምትፈልገው በአራቱም አቅጣጫ የሚንከባለል ነገር ነው» አሉኝ። ከአሮጌ ትልልቅ ኩሽኔታዎች የብረት ኳሶቹን አውጥተው፣ ለእያንዳንዱ ኳስ ቶርኖ ቤት ትንሽ ጽዋ አስፈልፍለው፣ በግራሶ ነከር አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ በየትም በኩል ቢመታ በእርጋታ የሚሄድ ሆነ። እውነተኛው የከርሊንግ ድንጋይ ሲለቀቅ እጀታው በቀስታ ስለሚዞር፣ የበረዶውም ገጽ ውሃ ተርከፍክፎበት በጥቃቅን ጠብታዎች የተሸፈነ ስለሆነ፣ በመንገዱ ላይ እየታጠፈ ይሄዳል፤ የእኛው አይታጠፍም። ስለዚህ ከመታጠፍ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ሙከራ ከደንባችን እንዲወጣ ወሰንኩ።

ልኩን በሙሉ በግማሽ ቀነስኩት፦ ውጨኛው ክብ 1.83 ሜትር፣ ቀጣዩ 1.22፣ የውስጠኛው 61 ሴንቲ ሜትር፣ እምብርቱ 15 ሴንቲ ሜትር። ከካናዳው ስድስት ሙከራዎች አምስቱን ያዝኩ። የመጀመሪያው ድንጋዩን እምብርቱ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ያለውን ድንጋይ መትቶ ማስወጣትና በስፍራው መቅረት፤ ሦስተኛው በሁለት ድንጋዮች መካከል በተተወ የ40 ሴንቲ ሜትር በር አሳልፎ ቤት መግባት፤ አራተኛው ከቤቱ ፊት ለፊት የቆመን ድንጋይ ገፍቶ ማስገባት፤ አምስተኛው በአንድ ድንጋይ ሁለት ማስወጣት። የተውኩት መትቶ ወደ ጎን በመንከባለል የተወሰነ ቦታ ላይ ማረፍን ነው፤ ራሴ ሃያ ጊዜ ሞክሬ በአንድ ዓይነት አለቃቀቅ ድንጋዩ ሃያ ቦታ ስላረፈ፣ በእኛ ወለል ይህ ሙከራ ዕድልን እንጂ ችሎታን እንደማይለካ ተረዳሁ።

በታላላቅ ውድድሮች የእያንዳንዱን ተጫዋች ሙከራ ከ0 እስከ 4 የሚመዝኑ መዝጋቢዎች አሉ፤ በዜና የሚነገረው የተጫዋቾች መቶኛም የሚሰላው ከዚህ ነው። ይህን ለመከተል አስቤ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በልምምድ ሰዓት ተቀምጠን ሞከርነው። ለአንዱ ሙከራ እኔ 4 ስሰጥ እርሱ 2 ይሰጣል፤ እኔ ልጁ ያሰበውን አይቼለታለሁ፣ እርሱ የሆነውን ብቻ ተመልክቷል። ሁለታችንም አልተሳሳትንም፤ በልጆች ፊት ግን እንዲህ ያለ ልዩነት ጠብ ነው። ስለዚህ ሜትር የማይዳኘው ነገር ነጥብ እንዳይሰጠው አደረግሁ። ለማሳረፍ ሙከራ ደንቡ ቀላል ሆነ፦ እምብርቱን ለነካ 5፣ የ61ዱን ክብ ለነካ 4፣ የ1.22ቱን 3፣ የውጨኛውን 2፣ ከቤቱ ፊት ቀድሞ ለቆመ 1፣ ቤቱን አልፎ ለሄደ ምንም።

ስሕተቴ የነበረው በሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው። ዒላማው ከቤት ከወጣ 5 ነጥብ ብዬ ጻፍኩ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል 24 ተማሪዎች በተሰለፉበት በመጀመሪያው ውድድር፣ ጉልበት ያላቸው ልጆች ድንጋዩን ባላቸው ኃይል ሁሉ እየለቀቁ ዒላማውን ከግድግዳ ጋር አላተሙት፤ አንዱ ድንጋይ ጠርዙ ተሸረፈ፤ በማሳረፍ ሙከራ 1 እና 2 ያገኙ ሦስት ልጆች በዚህኛው ሙሉ ነጥብ ወሰዱ። ጨዋታው ራሱ እንዲህ አይከፍልም። በከርሊንግ የተቃራኒን ድንጋይ አስወጥተህ የራስህም አብሮ ከወጣ ቤቱ ባዶ ቀረ ማለት ነው፤ ዋጋ ያለው የአንተ ድንጋይ በቦታው ሲቀር ነው። ነጥቡ ይህን እንዲከተል ደንቡን እንደገና ጻፍኩት፦ ዒላማው ወጥቶ መቺው በ61ዱ ክብ ከቀረ 5፣ በ1.22ቱ 4፣ በውጨኛው 3፣ ሁለቱም ከወጡ 2፣ ዒላማው ተነክቶ ከቤት ካልወጣ 1። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ላይ ማንም ሳይነግራቸው አለቃቀቃቸው ረጋ አለ። አስተማሪ ሆኜ በቃል ስለ እርጋታ ስንት ጊዜ ተናግሬ ነበር፤ አምስቱ ቁጥሮች ግን ከንግግሬ ሁሉ በላይ ሠሩ።

መስመር ነክቷል ወይስ አልነካም የሚለው ክርክር ሌላው ጣጣ ነበር። የቆርቆሮው ጠርዝ ከወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በስተቀኝ የቆመው ነክቷል ሲል በስተግራ የቆመው አልነካም ይላል፤ ሁለቱም የሚያዩትን ነው የሚናገሩት። በከርሊንግ ድንጋዩ ከላይ ሲታይ የትኛውም ክፍሉ ከክቡ በላይ ከሆነ እንደገባ ይቆጠራል። ጋሼ የአናጢ ስኳድራ አምጥተው በድንጋዩ ጎን ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ የስኳድራው ጫፍ ወለሉን የነካበት ቦታ መስመሩ ላይ ከሆነ ነክቷል ማለት ነው። ክርክሩ በዚያው አበቃ።

አሁንም ድረስ የሚከነክነኝ ግን የአንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ጉዳይ ነው። በአራተኛው ሙከራ የሚገፋው ድንጋይ ከቤቱ አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ በመካከለኛው መስመር ላይ መቆም አለበት። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አንድ ተማሪ እየመለሰ እንዲያቆመው አድርጌ ነበር። ከአሥረኛው ተወዳዳሪ በኋላ ጠመኔው በጫማ ጠፍቶ ልጁ በግምት ማቆም ሲጀምር እኔ በመዝገቡ ላይ አጎንብሼ ስለነበር አላየሁም። ተማሪዋ ድንጋዩን በመስመሩ ላይ ቀጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ የተገፋው ድንጋይ ወደ ግራ ሸሽቶ ወጣ። ወደ እኔ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ድንጋዩ ቦታው ላይ አልነበረም፤ ከእኔ በፊት ለነበሩት መሐል ላይ ነው የቆመላቸው» አለችኝ። እኔም ተመዝግቧል ብዬ መለስኳት። ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ሳይነካው የቀረው ድንጋይ እንደቆመ ስለነበር ሜትር ዘርግቼ ለካሁት፤ ከመካከለኛው መስመር 9 ሴንቲ ሜትር ርቋል። እስከ ሦስተኛ ከወጡት ተርታ የቀረችው በ2 ነጥብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የተፈጠረውን ለሁሉም ነገርኩ፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑንም ተናገርኩ። ጠመኔው ከጠፋ በኋላ የተወዳደሩት ሁሉ ያንን ሙከራ እንዲደግሙ አደረግሁ። እርሷ 4 አግኝታ ሦስተኛ ሆነች፤ ሦስተኛ የነበረው ልጅ አራተኛ ወረደ። የልጁ አባት መጥተው ጠየቁኝ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ስለነበር መዝገቡንና ወለሉን አሳየኋቸው፤ ልጃቸው የተፈተነው በትክክለኛው ቦታ መሆኑን፣ ሌሎቹ ግን ያንን ዕድል እንዳላገኙ አስረዳኋቸው። አጥብቀው ቢያዝኑም ተቀብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቦታ በዘይት ቀለም መስቀል ተደርጎበታል፤ ከደንቡም ላይ ተወዳዳሪው ድንጋዩን ከመልቀቁ በፊት «ይለካልኝ» የማለት መብት እንዳለው፣ ከለቀቀ በኋላ ግን ስለ አቀማመጥ አቤቱታ እንደማይቀርብ ተጽፏል። ብዙዎቹ አንድም ጊዜ አይጠይቁም፤ መጠየቅ እንደሚችሉ ማወቃቸው ይበቃቸዋል።

ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነፋስ የሚያመጣው አቧራም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ሙቀቱ ሳይበረታ ብለን ጠዋት 1 ሰዓት ብንጀምርም፣ ለአየር ሲባል በሮቹ ክፍት ስለሆኑ ወለሉ ቀስ በቀስ ይሻክራል፤ ኋላ የሚመጣ ተወዳዳሪ ከፊተኛው የበለጠ መግፋት ይኖርበታል። አሁን በየስድስት ሙከራው ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ተራው ይገለበጣል። በየዙሩ 25፣ በድምሩ 50 ነጥብ ስለሆነ ተራ መገልበጡ ሚዛኑን ይጠብቃል።

እኩል ነጥብ ሲመጣ የምንዳኘው ከዓለም አቀፉ ጨዋታ በተዋስነው ሥርዓት ነው። እዚያ ከግጥሚያ በፊት የመጨረሻውን ድንጋይ የትኛው ቡድን እንደሚይዝ ለመወሰን እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ድንጋይ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ እያዞረ ይለቃል፤ ከመካከሉ ያላቸው ርቀት በሴንቲ ሜትር ይደመራል፤ ቤት ያልገባ ድንጋይ 199.6 ሴንቲ ሜትር ይያዝበታል። የእኛ ድንጋይ ስለማይታጠፍ አንዱን ከመስመሩ ግራ ሌላውን ከቀኝ እናስለቅቃለን፤ ቤት ላልገባውም አንድ ሜትር እንቆጥራለን። በሁለተኛው ውድድር አንድ ልጅና ያችው የ8ኛ ክፍል ተማሪ በ38 ነጥብ እኩል ሆኑ። የልጁ ሁለት ድንጋዮች ድምር 43 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የእርሷ የመጀመሪያው 30 ላይ ቆመ፤ ሁለተኛውን ከመልቀቋ በፊት ወደ እኔ ዞራ ወለሉ እንዲወለወልላት ጠየቀች፤ ደንቡ ስለሚፈቅድ ተወለወለ። ጋሼ የሜትሩን ጫፍ እምብርቱ ላይ ይዘው ሁለቱም ልጆች ተንበርክከው ራሳቸው አነበቡት፦ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል።