ገመዱን ለልጆቹ መተው

የስካውት መሪ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ እንገናኛለን። ቃል ኪዳኑን፣ ሕጉን፣ በግራ እጅ መጨባበጡን ልጆቹ ቶሎ ያዙት። እኔን ሲፈትነኝ የከረመው የፓትሮል ሥርዓቱ፣ ማለትም ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው ከመሐላቸው በአንዱ የሚመሩበት አሠራር ነው።

የስካውት መሥራች ቤደን ፓውል በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆች ይዞ ሲሰፍር በአራት ፓትሮል ነው የከፈላቸው። የየፓትሮሉ መሪም ከልጆቹ መሐል ነበር። ይህን ለስንቱ አውርቻለሁ! ሜዳ ላይ ግን ገመዱን ከልጅ እጅ የምቀማው እኔው ነበርኩ።

ባለፈው ወር ሸራ እየወጠርን ነው። የ13 ዓመቱ የፓትሮል መሪ ገመዱን ዛፉ ላይ ያስራል፣ ሲስቡት ይላላል፣ ፈትቶ እንደገና ያስራል። ሦስተኛው ላይ «ቆይ፣ አምጣው» ብዬ ተቀበልኩትና ቶሎ ቋጠርኩት። ሸራው ቀጥ አለ። ልጁ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ወደ ኋላ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለትንሹም ለትልቁም «ጋሼ፣ ይሄስ?» እያለ እኔን ሲጠይቅ ዋለ። ቀድሞ የሚመካከረው ከጓደኞቹ ጋር ነበር።

አሁን ቋጠሮ የማሳየው በሳምንቱ መሐል፣ ለፓትሮል መሪዎቹ ብቻ ነው። ቅዳሜ እነሱ ያስተምራሉ፣ እኔ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። እሳትና ቢላዋ ካለ ግን ከአጠገባቸው አልጠፋም። ፊሽካ እየነፉ ሠላሳ ልጅ በአንድ ሰልፍ ማዞር ለእኔ ስካውት አይደለም።

ያለፈው ቅዳሜ ከእንጦጦ በኩል የጠቆረው ደመና ደረሰብን። ሸራው መሐሉ ላይ ውሃ አቁሮ ረገበ፤ ከዚያ ቦርሳቸው ላይ ተገለበጠ። እግሬ ሊነሳ ነበር፤ ያዝኩት። ተጨቃጨቁ። በኋላ ያ ልጅ አንዱን ጠርዝ ዝቅ አድርጎ አሰረው፣ ውሃውም በዚያ በኩል ወረደ። እኔ ብሆን ይበልጥ ወጥሬ ነበር የማስረው።

አንድ ነገር ግን ይከብደኛል። ወላጆች ለምረቃ ሲመጡ ልጆቹ እንዳያፍሩ ብዬ፣ ቋጠሮውን ላልቻሉ ሁለት ልጆች «ችለዋል» ብዬ ፈርሜያለሁ። የስካውት የመጀመሪያው ሕግ ስለ መታመን ነው። የፊታችን ቅዳሜ ፊርማዬ ልክ እንዳልነበረ እነግራቸዋለሁ። ቋጠሮውን የሚያሳያቸው ግን የፓትሮል መሪያቸው ነው።