ዓርብ ማታ፣ የታይ ምግብና ጾመኛ እናት

የእህቴ ልደት ዓርብ ላይ ዋለ። እሷ ደግሞ ከአያት አለፍ ብሎ፣ ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ያለውን የታይ ምግብ ቤት ካላየሁ ብላለች። የቻይና እጅም ያለበት፣ ቀይ ፋኖስ የተንጠለጠለበት፣ ሰው ከመብላቱ በፊት ፎቶ የሚነሣበት ዓይነት ቤት ነው። እማዬ ግን ረቡዕና ዓርብን አትሽርም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክርም አትሰማም። እሷ ጋ አይበላም፣ አለቀ።

እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ "የጾም አላችሁ?" ማለት ብቻ አይበቃም። አስተናጋጁ "አዎ፣ በአትክልት አለ" ይላችኋል። አልዋሸም። ግን የታይ ምግብ ጨዉን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዓሣ ሶስ ነው፤ ትንንሽ ዓሣ ከጨው ጋር ለወራት ተብላልቶ የሚወጣው ፈሳሽ። ከቻይና ወገን ደግሞ ኦይስተር ከሚባል የባሕር እንስሳ የሚሠራው ኦይስተር ሶስ ይጨመራል። የካሪው ድልህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተፈጨ ሽሪምፕ አለ። ፓድ ታይ የሚባለው የተጠበሰ ኑድል ደግሞ እንቁላል ይገባበታል። ሳህኑ ላይ የሚታየው ግን ካሮትና ጎመን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ደወልኩ። 9 ሰዓት ገደማ፣ የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ። ስልክ ያነሣችው ልጅ ጠረጴዛ ከያዘችልኝ በኋላ "እስቲ ሼፉን አገናኚኝ" አልኳት። ሼፉ የኛው ልጅ ነው፤ ዱባይ ከታይ ሼፎች ጋር ሠርቷል። ያለ ዓሣ ሶስና ያለ ኦይስተር ሶስ መሥራት ይችላል ወይ? ካሪውን እዚያው ይፈጩታል ወይስ የታሸገ ነው? የአሳማ ሥጋ የተጠበሰበት ዘይትስ? "ካሪው የታሸገ ነው፣ ሽሪምፕ አለበት። ለእናትዎ ይቅርባቸው። ሌላውን በሶያ ሶስ እሠራላቸዋለሁ፣ መጥበሻውንም እለያለሁ" አለኝ። ይቅርባቸው የሚል ሼፍ ደስ ይለኛል። ሁሉንም እንችላለን የሚለውን ነው መፍራት።

የእህቴ ባል ለንግድ ባንኮክ ይመላለሳል። ለሼፉ "ጄ" በለው ያለኝ እሱ ነው። የታይ ቻይናውያን በዓመት አንዴ ዘጠኝ ቀን የሚይዙት ጾም ነው። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ የዓሣ ሶስም የለም። በዚያ ሰሞን ያዎራት በሚባለው የባንኮክ ቻይና ሰፈር ቢጫ ባንዲራ የሰቀለ ምግብ ቤት ሁሉ የጾም ነው። ሼፉም ቃሉን ሲሰማ "አሃ፣ ገባኝ" አለ። ነጭ ሽንኩርትም እንደማይበሉ ለእማዬ ስነግራት ግን "ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ምን አደረጋቸው?" አለች።

ቻይናውያኑ ባንኮክ ውስጥ የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1782 የታይ ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ከተማዋን መናገሻ ሲያደርጋት፣ ቤተ መንግሥቱ በሚሠራበት ቦታ የነበሩትን የዛሬው ቻይና ሰፈር ወዳለበት ወደ ሳምፔንግ አዛወራቸው። ኑድሉም፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉም፣ ዎክ በሚባለው ጎድጓዳ መጥበሻ መጥበሱም በነሱ በኩል የገባ ነው። ፓድ ታይን እንኳ መንግሥት እንደ አገር ምግብ ያስተዋወቀው በጠቅላይ ሚኒስትሩ በማርሻል ፊቡን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ነው።

ወደ ማታው ልመለስ። መብራቱ ለፎቶ እንጂ ለማንበብ አይሆንም፤ ሜኑውን በስልክ ባትሪ ነው ያየነው። ምግቡ እንደ ታይ ልማድ መሐል ይቀመጣል፣ ሁሉም ወደ ሩዙ ይጨልፋል። በማንኪያ ይበላል፣ ሹካው መግፊያ ነው። እማዬ ቶም ያም የሚባለው ኮምጣጣ ሾርባ በእንጉዳይ ቀረበላት። አሽታ "ጠጅ ሳር ነው" አለች። ነው። ቶፉው የተጠበሰበት ቅጠልም የበሶብላ ዘመድ ነው፤ እሱን ወደደችው። ያለ እንቁላል የተሠራውን ፓድ ታይ ግን ገፋችው፦ "ስኳር ገባበት እንዴ?" ገብቶበታል። የታይ ምግብ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣና ጨዋማውን አብሮ ይይዛል። ለሐበሻ ምላስ ስኳሩን ቀንሱልን ማለት ያዋጣል። ቃሪያውን ግን አትናቁ። ትንሿ የታይ ቃሪያ ከሚጥሚጣችን አታንስም፣ የእህቴ ባል በላብ መስክሯል።

እሱ ያዘዘው ዳክዬ በቀይ ካሪ ነበር። የቻይና ጥብስ በታይ መረቅ ነው፣ ከማታው ሁሉ እሱ ይበልጣል ይላል። እማዬ ዳክዬ መሆኑን ስትሰማ ወንበሯን ትንሽ ራቅ አደረገች።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሜኑው ግርጌ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አንብቡ። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። የ1,000 ብሩ ምግብ 1,265 ብር ይሆናል። ማታ ደግሞ ከዚያ አካባቢ መኪና ቶሎ አይገኝም። እኛ ሂሳብ ከመጠየቃችን በፊት ራይድ ጠራን፤ ደረሰኙ እስኪታተም ሾፌሩ በር ላይ ነበር።