ከመግደላችሁ በፊት የሞተውን በግ ግፈፉት

ጅብ ለማስገደል ፈቃድ ማውጣት ከባድ አይደለም። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ የሞቱትን በጎች ቁጥር ሞላሁ፣ ሁለት ጎረቤቶች ፈረሙ፣ ባለሙያ መጥቶ አየ፣ ወረቀቱ ወጣ። ተኳሽ ተመደበ፣ ጅብ ተገደለ። በዘጠነኛው ሌሊት እንደገና በግ ሞተ። ገዳዮቹ ውሾች ነበሩ።

የተበላሸው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ገዳዩን መለየት። እሱ ሲበላሽ ግን የቀረው ሁሉ በሕግ የተፈቀደ ስህተት ሆነ።

ባለሙያው በስልክ «እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» አለኝ። የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያ ጅብ ጥምቡን ጎትቶ፣ አጥንቱን ቆርጥሞ፣ ፈርሱን ብቻ ትቶት ሄዷል። ዙሪያው የጅብ ዳና ሞልቶታል። ሰውዬው ዳናውን አየና ቅጹ ላይ «ጅብ» ብሎ ጻፈ። የጻፈው በጉን የበላውን እንጂ የገደለውን አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ግን ጅቡ የመጣው ውሻው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው። እኔም ጅብ መሆኑን አስቀድሜ ወስኜ ስለነበር አልጠየቅኩም። በእሱ ከምናደደው በላይ በራሴ የምናደደው በዚህ ነው።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ በጉ የሞተ ዕለት ጠዋት ራሳችሁ ግፈፉት። ሙቀት ባለበት ቦታ እስከ ቀትር ከዘገያችሁ ብስባሴው ምልክቱን ያጠፋዋል። አንድ ነገር ብቻ ያግዳችሁ፦ በጉ ቁስል ሳይኖርበት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ቢላ አታስጠጉት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። አለዚያ ጓንት አድርጉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋል፣ የነካሹ ምራቅ ደግሞ ቁስሉ ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ከአገጩ ሥር ጀምራችሁ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ጎኑንና የኋላ እግሮቹን ግፈፉ። ጠጉሩ ቁስሉን ስለሚሸፍነው ከላይ አይታችሁ ምንም አታገኙም። በሕይወት እያለ የተነከሰ ቦታ ከቆዳው ሥር ደም ይቋጥራል፤ ጠቁሮ፣ አብጦ ይታያል። ከሞተ በኋላ የተነከሰው የጥርስ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ሥጋው ግን ገርጥቶ ይቀራል። የትም ቦታ የተቋጠረ ደም ከሌለ በጉን አውሬ አልገደለውም፤ ታሞ ወይም በሌላ ምክንያት ሞቶ ነው የተበላው። አዲስ የተወለደ ግልገል ከሆነ ከሳንባው ቁራጭ ቆርጣችሁ ውኃ ውስጥ ጣሉ። ከሰጠመ ግልገሉ አልተነፈሰም፣ ሞቶ ነው የተወለደው።

አሁን የቁስሉን ቦታ እዩ። ነብር ጉሮሮን ወይም ማጅራትን ይይዛል፤ የክራንቻዎቹ ቀዳዳ ጥልቅና ጥቂት ነው፣ በጉን ጎትቶ መደበቅም ይወዳል። ጅብ ከጎን፣ ከሆድና ከታፋ ይቦጭቃል፤ ትልቅ አጥንት ይሰብራል፤ ብዙ ጊዜ በጉን ይዞት ስለሚሄድ ጠዋት የምታገኙት ደምና ፈርስ ነው። ውሻ ግን ያሳድዳል። የኋላ እግር፣ ጭራ ሥር፣ ጆሮ፣ ጎን፣ ባገኘበት ይነክሳል። በርካታ በጎች ቆስለው በሕይወት ይገኛሉ፣ የሞቱትም ብዙም አይበሉም፣ ጠጉር ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኗል። በእኔ በረት አምስት በጎች የተቀደደ ጆሮ ነበራቸው፤ ማንም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም።

አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። የለመደ ውሻም ጉሮሮ ይይዛል። ቁስሉ፣ የተበላው ክፍልና ዳናው ሦስቱ መስማማት አለባቸው። የነብር ዳና ጥፍር አያሳይም፤ የጅብና የውሻ ያሳያል። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ጎልቶ ይበልጣል፤ የውሻው ልዩነት ትንሽ ነው። ዳናውን በግልብጥ ሳህን ሸፍኑት እንጂ ሰው እንዲረግጠው አትተዉ።

የተገደለችው ጅብ ሴት ነበረች፣ ጡቷ ወተት ይዟል። ተኳሹን አልወቅስም፤ ባለነጠብጣብ ጅብ ሴቷ የወንድ የሚመስል ብልት ስላላት በሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን ለይቶ መተኮስ የሚችል የለም። ግልገሎቿ ግን ከ12 እስከ 18 ወር በወተት ይኖራሉ፤ ሌላ እናት ደግሞ የሌላን ልጅ እምብዛም አታጠባም። ወረቀቱ «አንድ ጅብ» ይላል። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን አይቆጥርም።

መግደል ሁልጊዜ ነውር ነው አልልም። ሰው ላይ የመጣን፣ በተደጋጋሚም በረት የሰበረን አንድ የታወቀ አውሬ መግደል ተገቢ ነው። ግን ያው አውሬ መሆን አለበት፤ በረቱ ላይ፣ በቅርብ፣ ጎኑን ሲሰጥ፣ ከኋላው ሰውም ቤትም በሌለበት። የቆሰለ እንዳይቀር ፈልጎ ለመጨረስ የተዘጋጀ ሰው ካልሆነ አይተኩስ። «የአካባቢውን ጅብ መቀነስ» የሚባለውን አልቀበልም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 በተካሄደ ሙከራ፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በታየበት አካባቢ ብቻ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ባጀር የሚባል አውሬ የመግደሉ ክፍል በ2003 ተቋርጧል፤ በሽታው በከብቶቹ ላይ ጭራሽ ጨምሮ ስለተገኘ። የተረፉት ወሰናቸው ፈርሶ ከበፊቱ ይልቅ ራቅ እያሉ መዘዋወር ጀምረው ነበር።

መርዝ ደግሞ ገዳይ አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 በቦትስዋና ሕገወጥ አዳኞች የሦስት ዝሆኖችን ሥጋ መርዘው 537 ጥንብ አንሳዎች አልቀዋል። «ትንሽ ሥጋ ላይ ብቻ» የሚላችሁን ጎረቤት አትስሙ።

ችግሩን ከፈቱት ነገሮች አንዱ በር ነው። የእሾህ ክምር ለበር አይሆንም፤ ይገፋል። ከመሬት ጋር የተገጠመ የእንጨት በር አደረግኩ፤ የአጥሩን ሽቦ ግርጌ 30 ሴንቲ ሜትር ቀበርኩ፤ ድንጋያማ በሆነበት በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ አንጥፌ ድንጋይ ጫንኩበት። ግድግዳው ከውጭ እንዳያሳይ መሆን አለበት። በጎች አዳኙን ካዩ ደንግጠው ራሳቸው አጥሩን ጥሰው ይወጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ አጥር ምን ያደርጋል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም ይረዳል፣ ቦታው በየሳምንቱ ካልተቀየረ ግን አውሬው ይለምደዋል።

ውሾቹ ከመንጋጋቸው የበግ ጠጉር ተገኘባቸው። ባለቤቶቹ «የእኛ ውሻ ቤቱን ይጠብቃል» ብለው ማሉ፣ በመጨረሻ ሌሊት ማሰር ጀመሩ፣ ግድያውም ቆመ። ይህን ጽፌ ቅጹ እንዲታረም አመለከትኩ። ፋይሉ ተዘግቷል፣ ለእርማት የሚሆን ቦታም የለውም ተባልኩ። እዚያ ወረቀት ላይ እስከ ዛሬ ገዳዩ ጅብ ነው።