ሻለቃው አልቀመጥም አለ

እናቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ጋ ትመጣለች። ባለፈው ወር አንድ እሁድ በሩን የከፈተችላት ልጄ ናት። እኔ ሳሎን ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ስልኬን ዘቅዝቄ ይዤ፣ በሌላው እጄ አንዲት ፈንድሻ በወረንጦ አነሣለሁ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለቻት ልጄን።

"አባዬ ሻለቃን ቡና እያጠጣው ነው።"

እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ትንሽ አየችኝ። "በአሻንጉሊት?"

"አሻንጉሊት አይደለም እማዬ። አክሽን ፊገር ነው።"

"እሺ፣ አሻንጉሊቱን አስቀምጥና ተነሥተህ ሳመኝ።"

ይህን ክርክር የጀመርነው እኛ አይደለንም። ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የሚባለውን ወታደር ሲያወጣ ያው ጭንቀት ነበረበት። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ እጅ እግሩ የሚታጠፍ፣ ልብሱ የሚቀያየር ነገር ነው። በቀጥታ ቢናገሩት አሻንጉሊት ነው። ግን ማን ወንድ ልጅ አሻንጉሊት ግዙልኝ ይላል ብለው ፈሩ። ስለዚህ "አክሽን ፊገር" የሚል ስም አወጡለት። ስሙ ዓለምን አሳምኗል፤ እናቴን ግን አላሳመነም።

የኔ ሻለቃ ከዚያ ወታደር በግማሽ ያንሳል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ያገኘሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ቻርጀርና ከሪሞት ክምር መሃል ነው። የሄድኩት የቧንቧ ዕቃ ፍለጋ ነበር። ማን እንደነበረ አይታወቅም። ትከሻው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ ካባ ሳይኖረው አይቀርም። አገጩ እንደ ጡብ፣ ቅንድቡ የተቋጠረ። ልጄ ናት "ሻለቃ" ያለችው።

በፎቶና በንግግር የሚነገር አስቂኝ ታሪክ (ኮሚክ) የመሥራት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ፊት ነው። የሆነ ቀን ፍሪጅ ስከፍት ልጄ ቲማቲሙ አጠገብ አቁማው ኖሮ፣ በዚያ ቁጣ ፊቱ አፈጠጠብኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ አጎት ነበረኝ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው የሚያስቅ። እሱ ግን ጥርሱ አይታይም። ሰው ሆዱን ይዞ ሲንከባለል እሱ ግራ እንደገባው ሰው ዙሪያውን ያያል። ሻለቃም እንደዚያው ነው። ቲማቲም ይሁን የዓለም ፍጻሜ፣ ፊቱ አንድ ነው። ፊቱ ካልተቀየረ ደግሞ ቀልዱን የሚሠራው በዙሪያው ያለው ነገር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሻለቃ ከተማ እየፈረሰ ነው ተብሎ ይጠራል። ሲሮጥ በእትዬ ደጅ ያልፋል። እትዬ ቡና አፍልታለች። በቃ። አቦል ሳይጠጣ አትለቀውም፤ አቦል ከጠጣ ቶና፣ ቶና ከጠጣ በረካ። ከተማዋን የሚያፈርሰው አውሬም በመጨረሻ ቡናው ሸቶት ይመጣል። እሱንም "ግባ እንጂ፣ ምን ደጅ ላይ ያቆምሃል?" ትለዋለች።

እትዬ የልጄ ባርቢ ናት። 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፣ የሻለቃን እጥፍ ልትሆን ምንም አልቀራት። ከቁስል ማሰሪያ ጎዝ ቆርጬ ነጠላ አለበስኋት። መጀመሪያ የቁመታቸው ነገር አስጨንቆኝ ነበር፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ገባኝ። ቡና የምታፈላ እናት ፊት ጀግና ሁሉ ሕፃን ነው። አውሬው እንሽላሊት ራስ ያለው ነገር ነው፣ አንድ ክንፉ የለም።

ያልጠበቅሁት ነገር የመጠኑ ጉዳይ ነው። ወለሉ ላይ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ፤ ለሻለቃ ጫካ ሆነበት። ሲኒው እስከ ጭኑ ይደርሳል። ጀበናዋ ከራሱ በላይ አልፋ እንደ ውኃ ጋን ቆመች። አንዲት ፈንድሻ ጭንቅላቱን ታክላለች። ይሄ ሁሉ ግን ከላይ ሆናችሁ ስታነሡት አይታይም። ከላይ የተነሣ ፎቶ "ልጅ ዕቃ አዝረክርካ ሄደች" ነው የሚለው። ስልኩን ዘቅዝቃችሁ ካሜራው ወለሉን ሊነካ ሲደርስ፣ በሻለቃ ዓይን ልክ ስታዩ፣ ያኔ ጀበናዋ ታስፈራለች። ስልክ ደግሞ በጣም ከቀረባችሁት ያደበዝዛል። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሁለት እጥፍ ዙም ማድረግ ይሻላል። ፍላሽ በፍጹም፤ ፕላስቲኩ ቅባት የተቀባ ይመስላል። የጠዋት መስኮት ይበቃል፣ በጨለማው በኩል አንድ ቁራጭ ፎይል ማቆም ነው።

ዕጣኑ ብቻ አንድ ሰዓት በላብኝ። ይጨሳል፣ በዓይን ይታያል፣ ፎቶው ላይ ግን የለም። ለካ ጭስ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ሲመጣና ጀርባው ጨለማ ሲሆን ነው። ማጨሻውን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ለቢሮ የምለብሰውን ጥቁር ኮት ወንበር ላይ ሰቅዬ ሳነሣ፣ ጭሱ በእትዬና በሻለቃ መሃል እንደ ደመና ወጣ። ባለቤቴ ቤቱን ታጥናለህ ብላ ወቀሰችኝ። ኮቱ ሰኞ ቢሮ ድረስ ሸተተ።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልምጣ።

ሻለቃ ጉልበቱ የላላ ነው። አቁሜው ዞር ስል ይወድቃል። ጫማው ሥር የታኘከ ማስቲካ አደረግሁ፤ እግሩ ተጣብቆ ቀረ፣ እሱ ከጉልበቱ ታጥፎ ወደቀ። ለላላ መገጣጠሚያ የታወቀ መድኃኒት አለ፦ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም። አንድ ጠብታ መታጠፊያው ውስጥ ታደርጉና እስኪደርቅ ድረስ ታጥፋላችሁ፣ ትዘረጋላችሁ፣ ታጥፋላችሁ። ዋናው ነገር ማጠፉ ነው። ከባለቤቴ ወሰድኩ፣ ጠብ አደረግሁ፣ ሁለቴ እንዳጠፍኩ ስልክ ተደወለ። ቢሮ ነው። ቅዳሜ ለቅዳሜ ስለ አንድ ያልተወራረደ ሂሳብ ሃያ ደቂቃ አስረዳሁ።

ስመለስ ሻለቃ እንጨት ሆኗል። ሁለቱም ጉልበት። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ ላጥፈው ስል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ተውኩት። አሴቶን ልሞክር ብል ፕላስቲኩንም ቀለሙንም ይበላዋል። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታያለች።

"አይቀመጥም?"

"አይቀመጥም።"

"ታዲያ ቡናውን እንዴት ይጠጣል?"

ከ12ቱ ፎቶ ስምንቱ ላይ ሻለቃ ቄጠማ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የታሰበው። ምሳ ሳልበላ አሰብኩበት። ከዚያ የመጀመሪያውን ፎቶ አነሣሁ፤ እትዬ ከጀበናው ጀርባ፣ ሻለቃ ፊቷ ቀጥ ብሎ። ንግግሩ ራሱ መጣ።

"ተቀመጥ እንጂ።"

"አልቆይም።"

ቶና ላይ፦ "ኧረ ተቀመጥ!" "ደህና ነኝ፣ እንዲህ ይሻለኛል።" በረካ ላይ እትዬ "በሞቴ!" ትላለች። ከኋላቸው በመስኮት በኩል ከክብሪት ሳጥን የሠራሁት ፎቅ ይጋደማል። አውሬው ገብቶ ወዲያው ዘጭ ይላል፤ ጉልበቱ ጤነኛ ነው። ፈንድሻውን ታቅፎ ወደ ሻለቃ ቀና ይልና "ይሄ ሰውዬ ቂም ይዞብሽ ነው እንዴ?" ብሎ እትዬን ይጠይቃታል። ሻለቃ በዚያው ፊቱ። እኔ ከጻፍኩት ታሪክ ያ የደረቀ ጉልበት ያመጣው ይበልጣል፤ እውነቱ ይሄ ነው።

ጽሑፉ ላይ ሁለት ጥፋት አጠፋሁ። የኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ መጀመሪያ የሚናገረው በግራ መቆም አለበት። አውሬውን በቀኝ አቁሜ ቀድሞ አናገርኩት፤ መልሱ ከጥያቄው በፊት ይነበባል። ፎቶውን በአፕ ገለበጥኩትና ዳንኩ ስል፣ ከኋላ ያለው የስኳር ፌስታል ላይ ያለው ጽሑፍ አብሮ ተገለበጠ። እንደዚያው ተውኩት። ሁለተኛው፣ ንግግሩን በኮምፒውተር፣ ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ጻፍኩት። የቢሮ ደብዳቤ ሆነ። እትዬ "በሞቴ" ስትል "ጉዳዩ፦ በሞቴን ይመለከታል" ነው የሚመስለው። መጨረሻ ላይ በእስክሪቢቶ ነጭ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩት። "በሞቴ"ን ልጄ ናት የጻፈችው፣ "ሞ"ዋ ትንሽ ጠማማ ናት።

በቀጣዩ እሁድ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘች። አንድ በአንድ አነበበች። አልሳቀችም። ስምንተኛው ላይ ቆየች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና አየች።

"ይሄን ልጅ ሦስት ስኒ ሙሉ አቁማ የምታጠጣው ምን ዓይነት ሴትዮ ናት?" አለች። "በርጩማ ብትሰጠው ምናለ?"

ልጄ ወዲያው ተነሥታ የውኃ ጠርሙስ ክዳን አመጣች። ትናንት ሞከርነው። ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ክዳኑ ላይ በጀርባው እንደ ጣውላ ጋደም አደረግነው። ጣሪያውን በቁጣ ያያል። ሁለተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።