ስኳሩ ወረደ፤ የደም ሥሩስ?

የኢንሱሊን ሥራ ስኳርን ከደም ወደ ሴል ማስገባት ብቻ አይደለም። የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያስመርተዋል፤ ይህም ሥሩን ያላላል። በሌላ መንገድ ደግሞ ሥሩን የሚያጠብበውን ኢንዶቴሊን ያስወጣዋል። በዓይነት ሁለት ስኳር ሰውነት ለኢንሱሊን ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል፣ የሚደነቁረው የማላላቱ መንገድ ነው። የማጥበቡ እንደነቃ ይቀራል። ስለዚህ ቆሽት ኢንሱሊን በጨመረ ቁጥር ሥሩ ሊጎዳ ይችላል፤ ግፊትና ስኳር አብረው የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታሰባል።

ግሊቤንክላሚድ የተባለው የስኳር ክኒን ቆሽትን ገፍቶ ኢንሱሊን ያስጨምራል፤ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውነት ለኢንሱሊን መደንቆሩ ግን አይነካም። ሌላው ክኒን ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት ስኳር ማምረቱን ይቀንሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ሜትፎርሚን በጀመሩ ወፍራም ሕሙማን ላይ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (የልብ ሥር መዘጋት) በ39 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ሜትፎርሚን የወሰዱት 342 ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን አላጋንነውም።

ሜትፎርሚንን የሚያስጠላው አጀማመሩ ነው። ከመጀመሪያው ቀን 1000 ሚሊግራም ሁለቴ የዋጠ ሰው ተቅማጥ ይዞት በሳምንቱ ይተወዋል። ከእራት ጋር 500 ተጀምሮ በየሳምንቱ 500 እየተጨመረ እስከ 2000 ቢደረስ አንጀት ይለምደዋል። ትውከትና ተቅማጥ ሲበረታ ወይም ፈሳሽ መውሰድ ሲያቅት ለጊዜው ይቆማል። የኩላሊት ማጣሪያ ቁጥር (በደም ምርመራ የሚታወቀው eGFR) ከ30 በታች ከሆነ አይወሰድም፤ ከ30 እስከ 45 ከሆነ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ቢ12 ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የዚህን ቫይታሚን መመጠጥ ይቀንሳል። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምስም፤ ቢ12 ያለው ግን እዚያው ነው። እግሩ ሲደነዝዝና ሲቆጠቁጠው «ስኳሩ ነው» ይባልና ይታለፋል። በደም ምርመራ ቢታይ ግን በመርፌ ወይም በክኒን ይተካል። ዘግይቶ ከተደረሰበት ነርቩ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ፒዮግሊታዞን የተባለው ሌላ የስኳር ክኒን ለኢንሱሊን መደንቆሩን በቀጥታ ይነካል። ነገር ግን ውኃ ይይዛል፤ እግር ያሳብጣል፤ ልቡ ለደከመ ሰው አይሰጥም።

ስታቲን የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው፤ ስኳር አይቀንስም። የስኳር ሕመምተኛ 40 ዓመት ካለፈው ግን ኮሌስትሮሉ «ደህና ነው» ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዝለታል፤ የሚጠብቀው ሥሩን ነውና።